ልጓሙን የያዘው ንጉሥ

ባሕር ማዶ የተዳረችለት ንጉሥ በሠርጋቸው ማግስት አባሮ ገዳም ያስገባት የዴንማርኳ ልዕልት ሪኪሳ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ገዳሙ ደጃፍ ላይ ቆመች። «ሚስቱ አይደለሁም በይና ነፃ ውጪ» ሲሏት አሻፈረኝ ብላ ኖራለች። አሁን የሮማው ጳጳስ «ካልመለስካት በአገርህ ቅዳሴ አይኖርም» ስላሉት፣ ንጉሡ ራሱ መኳንንቱን አስከትሎ ፈረስ ይዞላት መጥቷል።

«በይ ቶሎ በይ፤ ሰው እያየን ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይየና! ስታባርረኝስ አይቶ የለ?» አለችው በገዛ ቋንቋው። ያኔ አንዲት ቃል እንኳ አታውቅም ነበር።

ንጉሡ ወደ መኳንንቱ ዞረ፤ ሁሉም አቀርቅረዋል። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እርካቡን ያዘላት። ሳትቸኩል ወጥታ ኮርቻው ላይ ተደላደለች።

«ልጓሙንም ያዝ እንጂ» አለችው።

ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ እያየ፣ ንግሥቲቱ በፈረስ፣ ንጉሡ በእግሩ ከተማ ገቡ።