ከጀልባ የወጣው ሞተር

ከአሮጌ ጀልባ ተፈትቶ ሮቢ ወንዝ ዳር ውኃ የሚስበው የናፍጣ ሞተር፣ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ከትናንት ወዲህ ለአራተኛ ጊዜ ቀጥ አለ። ነዒማ ፊልትሮውን አጥባለች፣ ቱቦውን አጽድታለች፤ ሽንኩርቷ ግን ዓይኗ እያየ ይጠወልግ ነበር።

«ተይው ልጄ፣ ዓይን በልቶታል» አሏት አማቷ፣ ሞተሩን ከዓይን እንዲጠብቅ ትናንት የናፍጣ ታንከሩ ክዳን ላይ በሰም የለጠፉትን ክታብ እያዩ። «ይሄም አልመለሰው!»

«ሳላስነሳው ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ክዳኑን ስትፈታው ታንከሩ ፉስስ ብሎ አየር ሳበ። ነዒማ እጇ ላይ ያለውን ክዳን ትክ ብላ አየችው። ክታቡን ቀስ አድርጋ አነሳች፤ ከሥሩ የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ በሰም ተደፍናለች፤ አየር ካልገባ ደግሞ ናፍጣው ወደ ሞተሩ አይወርድም።

አማቷ አንገታቸውን ደፉ።

ቀዳዳዋን በመርፌ ከፈተቻት። ሞተሩ ተነሳ፤ አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ ሆነ፣ ቦዩ ሞላ። ያኔ ክታቡን ክንዷ ላይ አሰረችና «እሱ እኔን ይጠብቀኝ፤ ሞተሩን ለእኔ ይተዉልኝ» አለቻቸው።