የብርጭቆው ጥላ

«የተማርሽው ይበቃሻል፤ ከእንግዲህ ዝም ብለሽ ማየት ነው» አለቻት አክስቷ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ የተዳረች ዕለት።

እሷም ዝም ብላ ማየቱን ያዘች። አምስት ዓመት ሆናት።

ባሏ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ገና ገበያ ያልወጣ፣ ኮምፒውተር ምስል የሚሠራበት የግራፊክስ ካርድ ቤቱ ወስዶ እንዲሞክር ሰጠው። በካርዱ ከተሠራው አንዲት ምስል እንኳ ብታፈተልክ ከሥራው እንደሚሰናበት ፈርሟል። ስለዚህ ካርዱ ከገባበት ቀን ጀምሮ የቤቱን በር ከውጭ እየቆለፈ መሄድ ጀመረ።

«ሌባ ቢመጣ አንቺ ምን ልታደርጊ?» አላት።

«እሳት ቢነሳስ?» አለች፣ ድክ ድክ የሚል ልጇን ጎትታ እያቀፈች።

«አታሟርቺ!»

ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ኪሱ ውስጥ ይውላል። ለእሷ የቀራት ወጥ ቤቱ፣ አንድ ክፍልና የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ነው። ፀሐይ ረፋዱ ላይ ትገባለች፣ ወለሉን ቀስ እያለች ታቋርጣለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግድግዳውን ታክካ ትወጣለች። የፍርግርጉን ጥላ እየሸሸች ልጁን ከቦታ ቦታ ታዛውረዋለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ባሏ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩ ላይ ይጣዳል። የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳጆች የሚሟገቱበት አንድ ገጽ አለ። ሙግቱ ስለ ሬይ ትሬሲንግ ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ጨረር ተከትሎ፣ የት እንዳረፈችና ወዴት እንደነጠረች አስልቶ ምስል ስለ መሥራቱ። አሁን ያሉት ካርዶች ይህን ይችሉታል ወይስ የሚመጡት ይጠበቁ? ባሏ ከጠባቂዎቹ ወገን ነው።

«የአሁኑ ካርድ ጥላን ይገምታል እንጂ አያውቅም» ብሎ ይጽፋል።

«አንተ ሠርግህንም ‹ቀጣዩ ይውጣ› ብለህ ያራዘምክ ሰው ነህ» ይሉታል።

እሷ ከጀርባው ቆማ አንብባ ትስቃለች። ዞር ሲል ታቆማለች።

አንድ ረቡዕ፣ ራሱን «መስኮት» ብሎ የሰየመ ሰው ገጹ ላይ ምስል ለጠፈ። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ነው፣ ፀሐይ ፊት የተቀመጠ። ብርሃኑ በውሃው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይታጠፋል፣ በጥላው መሀል ለመሀልም እንደ ቀጭን ክር ይነጣል።

ገጹ ተቀወጠ።

«ይህን የአሁኑ ካርድ በሕልሙም አያየው!»

«ባክህ ፎቶ ነው።»

«ጥጉን እየው እንጂ፤ ሳያልቅ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ፎቶ ሳያልቅ ይቀራል እንዴ? ማሽኑ ሲሠራ ተቋርጦበት ነው።»

«ቀለሙንስ ለምን አጠፋኸው? ጥቁርና ነጭ ብቻ!»

«መስኮት፣ ካርድህ ምንድን ነው?»

መስኮት ሁለት ቃል መለሰ፤ «ያለኝ ነው።»

ከአራት ቀን በኋላ ሁለተኛው ምስል መጣ፣ የበር እጀታ። ከዚያ ደግሞ አራት ቀን ቆይቶ ሦስተኛው፤ የፍርግርግ ጥላ የወደቀበት የሕፃን ጫማ። ያን ጊዜ ገጹ በአንድ ድምፅ ፈረደ፤ ይህ ሰው ገና ያልወጣውን ካርድ እጁ አስገብቷል።

ባሏ ጫማውን አወቀው።

ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እሷ ጣቶቿን በሳሙና እየፈተገች ነበር፤ ውሃው ጠቁሮ ይወርዳል።

«መስኮት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንጀራዬን ልትዘጊ ነው? ካርዱን…»

«ካርዱን አልነካሁትም።»

«ታዲያ በምን ሠራሽው? በጸሎት?»

ልትመልስለት ስትል እጁን አነሳ። «በቃ! በተናገርሽ ቁጥር ውሸቱ ይጨምራል።»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው፤ ምስሎቹን አይቷል። «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» እያለ ክፍሉን ሦስቴ ዞረ። ሲጨርስ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ስሚ። ነገ ካርዱንም ኮምፒውተሩንም ይዤ እሄዳለሁ፤ መሥሪያ ቤት ይቆለፍባቸዋል። አንቺ አልነካሁም ካልሽ፣ ያለ ካርዱ አድርጊው።» አሮጌ መነጽሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። «የዚህን ምስል ሥሪ፤ እኔ የመረጥኩልሽ ቀድመሽ ሠርተሽ ያስቀመጥሽውን እንዳትለጥፊ ነው። ፎቶ ብታነሺ ደግሞ እነዚያ የገጹ ሰዎች በደቂቃ ይለዩታል።»

«እስከ መቼ?»

«አምስት ቀን። ካልመጣ ልጁ እናቴ ጋ ይሄዳል፣ አንቺም ወዳሳደገችሽ አክስትሽ። ከመጣ ይቅርታ ጠይቄሽ ቁልፉን እሰጥሻለሁ።»

በማግስቱ ዕቃውን አቅፎ ወጣ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ። ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ ገመዶቹ ከግድግዳው ተንጠልጥለዋል።

አማቷ ደወሉ። «የልጁን አልጋ አዘጋጂ አለኝ። ምን ሆናችሁ ነው፣ ልጄ?»

«ምንም አልሆንን፣ እማማ።»

«ድምፅሽ እንዲያ አይልም።»

ስልኩን ዘጋችው። ባሏ የሰጣት አሮጌ ስልክ ነው፣ ፊቱ የተሰነጠቀ። ገጹ ላይ ሙግቱ ቀጥሏል።

«መስኮት ድምፁ ጠፋ። ካርዱን ቀሙት መሰለኝ!»

«ነግሬአችሁ ነበር፤ ያለዚያ ካርድ ያ ጥላ አይመጣም።»

በሩን ገፋ አድርጋ አየችው። አይነቃነቅም። ልጁ ሥሯ ቆሞ እሱም በትንሽ እጁ ገፋ። አቅፋ አስተኛችው፣ የቀሚሷን ጫፍ ከጭብጡ እስኪለቅ ጠበቀች።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ገባች። መነጽሩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች፤ መስተዋቶቹ ወለሉ ላይ ሁለት የብርሃን ጠብታ ጣሉ። ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ብዙ ደቂቃም ሳትንቀሳቀስ አየችው።

ከዚያም ነጭ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች።