ንጹሕ ማግኔት

መካኒኩ ቅዳሜውን ከዚህ ቤተሰብ ጋር ማሳለፍ ሰልችቶታል። አይፈረድበትም፤ ማንም ቢሆን ይሰለቸዋል።

የጭነት መኪናዋ አንዲት፣ ወንድማማቾቹ ሁለት ናቸው። አባትየው ሲሞት ቁልፉ እናትየዋ እጅ ገባ፤ እሷም አንድ ሳምንት ለታላቁ፣ አንድ ሳምንት ለታናሹ ብላ ደለደለች። መኪናዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ታዲያ ሟቹ ያስለመደው ነገር አለ። ካምቢዮው ሥር ያለው ቡሎን ይፈታል፤ ዘይቱ በንጹሕ ሳህን ይወርዳል። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። ከማርሾቹ ጥርስ የተፋቀ ብረት እዚያ ላይ ይለጠፋል። መካኒኩ ማግኔቱን በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ለእናትየዋ ያሳያል፤ ከዚያ ዘይቱን አጥልሎ መልሶ ይሞላል። ሟቹ በዘመኑ መኪናውን የሚያጎሳቁለውን ሹፌር የሚለየው በዚህ ነበር።

"ማግኔት ዘመድ አያውቅም" ትላለች እናትየዋ።

ታናሽየውን ሰፈሩ በሙሉ "ሽው" ነው የሚለው። ስሙም አመሉም አንድ ነው። በእሱ ሳምንት ማግኔቱ ጢም አብቅሎ ይወጣል። አንዳንዴ ጥፍር የሚያህል የብረት ስብርባሪም ይዞ ይመጣል።

የታላቅየው ጨርቅ ግን እንደነጣ ይመለሳል።

ታላቅየው እርጋታው ለጉድ ነው። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ብስክሌት ይቀድመዋል። መኪናዋን ዓርብ ማታ አምጥቶ ያሳድራታል፤ ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ ቡሎኑን ሲፈታ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይወርዳል። የሚያስገባው ገንዘብ ከወንድሙ ያነሰ ነው። "ቀስ ብሎ የሚሠራ ቀስ ብሎ ያገኛል፣ ምን አለበት?" ትላለች እናትየዋ።

ባለፈው ተራው ከአግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። አንገቱ ዘንበል ብሏል፤ የሸሚዙ ትከሻ ሳስቶ ክሩ ይታያል።

"ተነስ፣ ጨርቅህን እየው!" አለችው እናቱ።

እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ዳሰሰው። "ንጹሕ ነው?"

"አንተ ሰውዬ፣ አፍንጫህ ሥር ነው እኮ!"

"ደክሞኛል እማዬ።"

"ይድከምህ። የሠራ ሰው ይደክመዋል" አለችና ትከሻውን አራገፈችለት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽው ከመንገድ በቀጥታ መጣ። ዘይቱ ትኩስ ስለነበር መካኒኩ ጣቱ ተቃጠለና ተሳደበ። ቡሎኑን ሲያወጣው ማግኔቱ ላይ የማርሽ ጥርስ ቁራጭ ቆሟል። ጨርቁ ላይ ጣል አደረገው።

"በቃ!" አለች እናትየዋ። "ባለፈው ምን አልኩህ? ሌላ ስብርባሪ ካየሁ ቁልፉን እወስዳለሁ አላልኩም?"

"እማዬ፣ ጭኜ እኮ ነው ዳገቱን የምወጣው! ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት።"

መካኒኩ እጁን እየጠረገ "ካምቢዮው አርጅቷል፣ ማንም ቢነዳው ትንሽ መፍጨቱ አይቀርም" አለ።

"ታዲያ ወንድሙ ሌላ መኪና ነው እንዴ የሚነዳው?"

መካኒኩ ወደ መሣሪያዎቹ ዞረ። እውነቱን ለመናገር ምሳው እየቀዘቀዘ ነበር፤ የሰው ቤተሰብ ውስጥ መግባትም ታክቶታል።

"ሚስቴ በዚህ ወር ትወልዳለች" አለ ሽው። "ከመንዳት ሌላ ምን አውቃለሁ? ልጄን በምን ላሳድገው?"

"እሱን ማርሽ ስትሰብር ነበር ማሰብ።"

ይሄን ጊዜ ተራውን ሊረከብ መጥቶ የተቀመጠው ታላቅየው ከአግዳሚው ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ተይው እማዬ። እሱ ይንዳ። እንዲያውም የእኔንም ሳምንት ለእሱ ስጪው።"

እናትየዋ እንባዋ መጣ። "አየህ? አየህ የወንድምህን ልብ?"

"አታስመስል!" ብሎ ጮኸበት ሽው። "እሷ ፊት ቅዱስ ለመሆን ነው አይደል? ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ፣ አብረን እንንዳና እንዴት እንደምትይዘው አሳየኝ ብዬ! አንድ ቀን እንኳ አጠገብህ አስቀምጠኸኛል?"

እናትየዋ ቁልፉን በታላቅየው መዳፍ ውስጥ አስገብታ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። እሱ ግን መልሶ ሊሰጣት ሞከረ። ለወንድሙ አዝኖ ነው ብላ የበለጠ ወደደችው።

ሽው እሑድን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ዋለ። ወንድሙን ከልቡ ጠላው። ሚስቱ ምሳውን አጠገቡ አስቀምጣለት ወጣች፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ባሰበት። ሰኞ ጠዋት አሮጌ ሸሚዝ ለብሶ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የእህል መጋዘን ሄደ። ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ በቆመ የጭነት መኪና አጠገብ አልፎ የተሸካሚዎቹን አለቃ አገኘው።

"ተሸክመህ ታውቃለህ?" አለው አለቃው ከላይ እስከ ታች እያየው።

"እለምደዋለሁ።"

"ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ከቀትር በኋላ ነው የምንተዋወቀው። በል ሂድ፣ ያንን ሰውዬ ተከተል። ከእሱ የሚጠነክር ተሸካሚ የለኝም፤ ጥፋቱ አንድ ሳምንት መጥቶ አንድ ሳምንት መጥፋቱ ነበር። ዛሬ ግን ከእንግዲህ በየሳምንቱ አለሁ ብሎኛል።"

ሽው ሮጦ ሰውዬውን ደረሰበት። ሰውዬው በእጁ ግድግዳውን እየዳበሰ በዝግታ ነው የሚሄደው። ኮቴ ሲሰማ ቆመ።

ታላቅ ወንድሙ ከጆንያው ሥር ቀና ብሎ ፊት ለፊት አፈጠጠበትና "አዲስ ነህ እንዴ? ማን ልበል?" አለው።