የሙሽራዋ ደም

የጨርቅ ነጋዴዋ ሰውንም እንደ ጨርቅ ጫፉን አሽታ የምትመዝን ሴት ናት። ልጇ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሊያገባ መሆኑን የተቀበለችው ጥርሷን ነክሳ ነው። ድህነቱን እንደምንም ዋጠችው። የሙሽራዋን አባት እጅ ግን መዋጥ አቃታት፤ ይንቀጠቀጣል።

«ምላጭ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው» አለች ለልጇ። «ዘር ከልጓም ይስባል። ነገ ሚስትህም ልጆችህም እንዲሁ ናቸው።»

ልጁ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ሲታገል አይታ እሷው ቆለፈችለት። ያን ያህል አቀማጥላ ነው ያሳደገችው።

ሁሉንም እየነዳች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ በቀላሉ አስረዳች። በሴሎቻችን ውስጥ ፕሮቲን ያረጃል። አንድ ጂን አለ፤ ባረጀው ላይ «ይጣል» የሚል ምልክት የሚለጥፈው ኢንዛይም የሚሠራው በእሱ ትእዛዝ ነው። ጂኑ ሲበላሽ ቆሻሻው አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰውየውም ገና ሳያረጅ ይንቀጠቀጣል ወይም ሰውነቱ አልታዘዝ ይለዋል።

«ጂኑን ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ እንወርሳለን። በሽታው የሚመጣው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። አንዱ ብቻ የተበላሸበት ሰው ሳያውቀው በጤና ይኖራል።»

ነጋዴዋ ጆሮ የገባው «ቆሻሻ» የሚለው ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩም ሙሽራዋም ክንዳቸውን ዘረጉ።

«የልጄንም ውሰጂ» አለች ነጋዴዋ። «ንጹሕ ደም ምን እንደሚመስል ለማወዳደሪያ ይሆንሻል።»

ውጤቱ በደረሰ ዕለት ልጁ አንድ እግሩን እየጎተተ ከኋላዋ ቀረ። «እግርህን አንሣ፣ ሰነፍ» አለችው። ፀጉር አስተካካዩ እጁን በባርኔጣው ሸፍኖ ከሴት ልጁ ጎን ተቀምጦ ጠበቃቸው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ነጋዴዋ፤ «እዚሁ እንጨርስ። ይሄ ነገር ከተገኘ ሰርግ የለም፤ ማንም ማንንም እንዳይወቅስ።»

«እትዬ፣ ልጆቹ እኮ ይዋደዳሉ።»

«ፍቅር ደም አያጠራም። ቃልህን ስጠኝ።»

ሰውየው ሴት ልጁን አየ። ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች።

«እንዳሉ ይሁን» አለ።

ነጋዴዋ ሙሽራዋን ገፋ አድርጋ ቀድማ ሐኪሟ ክፍል ገባችና የፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተሰየመች። ሐኪሟ በሁሉም ፊት ልናገር ወይ ብላ ጠየቀች። እጮኛሞቹ እሺ አሉ።

«የልጅቷ ጂን ጤናማ ነው» አለች ሐኪሟ፤ «አባቷንም የሚያንቀጠቅጣቸው እንቅርት ነው፣ በመድኃኒት ይሻላቸዋል። ሁለቱም ጂኖቹ የተበላሹበት ልጅዎ ነው፤ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከእርስዎ።»