የቶሜ ልቅሶ

ዘንድሮ ሩዙ ሊያፈራ ሲል ብርድ ገባበት። ባዶ ዛላ አያጎነብስም፤ ማሳው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ገለባ አጨድን። በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ታመሙ ተባለ። ሬዲዮው ጠዋት ማታ ሙቀታቸውን፣ የፈሰሳቸውን ደም መጠን ይናገር ጀመር። ስለ እሳቸው ሲባል የመኸሩ በዓል ቀረ፣ ከበሮው ተሸፈነ፣ ሠርግ ተላለፈ። በዚያው ወር ጓደኛዬ ኪሳኩም ደም መትፋት ጀመረ። የእሱን ማንም አልተናገረም። ከዚያ በረዶው ወርዶ መንገዱን ዘጋው።

ዛሬ ጠዋት የኪሳኩ ጣሪያ ላይ ቆሜ በረዶውን በአካፋ አወርዳለሁ። እሱ ከተኛ ወዲህ ሥራው የእኔ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በረዶው ካልወረደ ግን ጣሪያው ይሰበራል።

ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ይንኮሻኮሻል። ንጉሠ ነገሥቱ አረፉ ይላል። እያንዳንዱ ቤት ባንዲራው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ ያውጣ ይላል። አካፋውን ተክዬ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። ወጣትነቴን ቻይና ምድር የጨረስኩት በስማቸው ነው። እዚያ ያደረግነውንም በስማቸው አደረግነው።

ከእግሬ ሥር፣ ከቤቱ ውስጥ፣ ቶሜ ትጮኻለች። ይህች የኪሳኩ ሚስት ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ማንም መጥቶ ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጓደኛዬ ሄዷል።

በመንገዱ ኦኖዴራ ይመጣል። የሰፈሩ ሹም ነው። ብብቱ ሥር የጥቁር ጨርቅ ጥቅል ይዟል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ጋ ሲደርስ ልቅሶውን ይሰማል። ባርኔጣውን ያወልቅና ወደ በሩ አጎንብሶ ይቆያል።

“ጋሽ ማትሱዞ! ይሰማሉ?” ይለኛል ቀና ብሎ። “ከዚህ ቤት እኮ ነው! በኪሳኩ ቤት ለግርማዊነታቸው ይለቀሳል ቢሉኝ በሳቅ ነበር የምሞተው።”

አካፋዬን ከበረዶው እነቅላለሁ።

“ያ ጥርሰ ወላቃ ምን ሲል እንደኖረ ያውቃሉ። ‘ወንድሜ ኦኪናዋ ላይ የሞተው በሰኔ፤ ንጉሡ ጦርነቱ ይብቃ ያሉት በነሐሴ።’ ባገኘኝ ቁጥር! እኔን ደግሞ ያተረፈኝ ያ የነሐሴው የሬዲዮ ድምፃቸው ነው። ፈንጂ የተጫነ ጀልባ ይዤ ልሄድ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ይብቃ ባይሉ የዓሣ ቀለብ ሆኜ ቀርቼ ነበር።” ዓይኑን በጓንቱ ይጠርጋል። “እትዬ ቶሜ ግን አኮሩን። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ እናገረዋለሁ።”

ዝም ብል ይቀላል። ከነገ ጀምሮ ቶሜ ብቻዋን ናት። በረዶ የሚያወርድላት፣ ቀብሩን የሚያስተባብርላት ይኸው ሰፈር ነው፤ ሹሙም ይኸው ሰው። ልቅሶዋ ለንጉሥ ቢቆጠርላት ተከብራ ትኖራለች።

እናቴ በሐሳቤ ትመጣብኛለች። እኔ ግንባር ሳለሁ የታናሽ ወንድሜ ሣጥን ባቡር ጣቢያው ደረሰላት። ውስጡ በዐፅሙ ፈንታ አንድ ድንጋይ ነበር። ዋይ አለች። ወታደራዊ ፖሊሱ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ “እናት የምታለቅሰው በኩራት ነው፤ ልጇ ለንጉሠ ነገሥቱ ሞቷል” አለ። ሁሉም አቀረቀረ። ገና ጢም ያላወጣው ኪሳኩ ብቻ፣ “ለልጇ ነው የምታለቅሰው” አለ። የፊት ጥርሶቹ በፖሊሱ ቡጢ የረገፉት ያን ቀን ነው።

ከጦርነቱ ስመለስ እናቴ፣ “ልቅሶዬን ያስመለሰልኝ እሱ ልጅ ነው። እኔ ሳልከፍለው እሞታለሁ፤ አንተ ክፈለው” አለችኝ። ሩዝ ተሸክሜ ሄድኩ። ሳቀብኝ። “ሩዝህን መልስና መጠጥ አምጣ” አለኝ። ጠጣን። ዕዳው ግን ከዚያ ወዲህ አብሮኝ አረጀ።

“ኦኖዴራ” እላለሁ።

“አቤት?”

“የምታለቅሰው ለኪሳኩ ነው። አሁን ሞተ።”

አፉን ይከፍታል። “ኪሳኩ? ትናንት እንኳ ሰድቦኛል እኮ!”

ከፊት ለፊት ቤቶች ሰዎች ባንዲራ ይዘው ወጥተዋል። እነሱን ያያል፣ ድምፁን ይቀንሳል። “ጋሽ ማትሱዞ፣ ቀኑ እኮ ዛሬ ነው። ለሁለቱም ነው ብንልስ? ለእትዬ ቶሜም ይሻላል። ሰው ምን ይላል?”

“ለአንድ ሰው ነው” እለዋለሁ። ከዚያ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ከጣሪያው ላይ እጮኻለሁ፤ “ለባሏ ነው የምታለቅሰው! ለኪሳኩ ነው!”

ባንዲራ የያዙት ባሉበት ይቆማሉ። ውስጥ ልቅሶው ቀጥ ይላል። ሰምታኛለች።

ከዚያ ቶሜ እንደገና ትጀምራለች፣ አሁን ስሙን እየጠራች። “ኪሳኩ! ኪሳኩዬ!” ድምፅ ማጉያው ይናገራል፤ የእሷ ይበልጠዋል።

ኦኖዴራ የጨርቁን ጥቅል በረዶው ላይ ያስቀምጣል። ጫማውን አውልቆ፣ አጎንብሶ ይገባል።

ነፋሱ ፊቴን ይገርፈዋል። ለእናቴ፣ “ዕዳው ደርሶታል” እላታለሁ።