ሞተሩን እንዳታጠፊው

«ይሄ መኪና አይደለም» ይላል አባዬ። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ ጥሎታል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማያዊው አውቶቡስ ለሦስተኛ ጊዜ ግድግዳ ገጭቶ ቆሟል።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ። መጫወቻ ነው። ውሰጂው፣ የሰው ንብረት ይበላሻል።»

የሰው ንብረት አይደለም። ከሦስት የተሰባበሩ ጆይስቲኮች አንድ አድርጌ የገጣጠምኩት የራሴ ነው። ሥራዬ ይሄ ነው፤ የጌም ዕቃ እጠግናለሁ። አሁን ሃያ ደቂቃ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ባልደረባዬ ብቻዋን ናት፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ ሰው በር ድረስ ነው የሚሰለፈው።

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። የዛሬ አምስት ወር ሐኪም ዓይኑን አይቶ ወረቀት ጻፈ፣ መንጃ ፈቃዱን ተቀበሉት። መሃል መሃሉ ጠፍቶበታል፤ የሚታየው ዳር ዳሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ነጠላ ጫማውን አድርጎ ሶፋው ላይ ይቀመጥና በመስኮቱ የሚገባውን የመኪና ድምፅ ያዳምጣል። «የዚህኛው የፍሬን ሸራ አልቋል» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን። ውጣ እንጂ አባዬ ስለው «የት ልሂድ?» ይለኛል።

«ምኑ ነው መኪና ያልሆነው?» እላለሁ። ድምፄ ውስጥ ቁጣ አለ፣ ይታወቀኛል።

«ሞተር የለውማ! እጄ ላይ ምንም የለም እኮ። ጠፍቶ ነው እንዴ የሚሄደው? ቁልቁለት ላይ ነን?»

ንዝረቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደንበኛው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ፤ «እሱን አጥፊልኝ፣ ባትሪ ይበላል።» እኔም ማሻሻጫ ናት ነው የምለው። ጆይስቲኩን ከፍቼ አይቻታለሁ። ጣት የምታክል ሞተር ናት፣ ጫፏ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ብረት አለ። ስትሽከረከር እጅ ታንቀጠቅጣለች፣ አለቀ። በዚህ ማን ይታለላል?

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አበራሁት።

«እንካ። አንዴ ብቻ።»

ጆይስቲኩ እጁ ላይ ያጉረመርማል። አባዬ ቀና ይላል፤ መጀመሪያ ጀርባው፣ ከዚያ አንገቱ።

«ሃ!» ይላል። «ተነሳች።»

ይነዳል። ፊቱን ወደ መስኮቱ ዘወር አድርጎ፣ ቴሌቪዥኑን በዓይኑ ዳር ብቻ ይዞ።

«ኮረኮንች ገባን» ይላል።

ቀና ብዬ አያለሁ። የቀኝ ጎማው ከአስፋልቱ ወርዷል። ዓይን ያለኝ እኔ አላየሁትም። ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል፤ መንቀጥቀጡ እጁ ላይ ይለሰልሳል፣ ፊቱም አብሮ።

«አሁን ድልድይ ነው?»

«ድልድይ ነው።»

«መጋጠሚያው ተከፍቷል፣ ያነጥራል። ማዘጋጃ ቤት ንገሪልኝ።»

«እሺ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ግራ! አባዬ ግራ! ግራ!»

«አትጩኺ ረዳት፣ ተሳፋሪ ታስደነግጫለሽ።»

አጥሩን ለትንሽ ሳተው። እሱ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሲስቅ ከጎን አንድ ጥርሱ የለም። መቼ ወለቀ? አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሰዓቴን አያለሁ። ሃያው ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል።

«አባዬ፣ መሄዴ ነው። አጥፋውና...»

«ቆይ፣ ዳር ላሲዛት።»

አውቶቡሱ ፌርማታ ጋ ይቆማል። ጆይስቲኩ ግን አላቆመም፤ ቀስ ብሎ፣ ቆሞ ሞተሩ እንዳልጠፋ መኪና፣ ያጉረመርማል።

«ያዢልኝ» ይላል።

«ምኑን?»

«መሪውን ነዋ። ጫማዬን ላድርግ፣ ሱቅሽ ድረስ እሸኝሻለሁ።»

ሁለት እጄን ይፈልግና ጆይስቲኩ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። በሩ ጋ ሲደርስ ይዞራል።

«ሞተሩን እንዳታጠፊው።»

ትንሽ ልጅ ሆኜ የሚነዳው አውቶቡስ ሞተሪኖው የታመመ ነበር። አንዴ ከጠፋ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ካልገፋ አይነሳም። ስለዚህ አባዬ ለአንድ ነገር ሲወርድ የእጅ ፍሬኑን ይይዝና እኔን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠኛል። እግሬ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። እጆቼን መሪው ላይ አድርጎ ይችኑ ቃል ይለኛል። መሪው እስከ ክርኔ ድረስ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። እጄን ካነሳሁ ይጠፋል ብዬ፣ አፍንጫዬን እየበላኝ እንኳን አላክም።

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ይሰማኛል። የሆነ ነገር ይወድቃል።

«ካልሲዬን የት ነው የደበቅሽው?»

«ታች መሳቢያ!»

«የትኛው ታች?»

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከሱቅ ነው። እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ይሄዳል።

አላነሳሁትም። ሁለቱም እጄ ተይዟል።