የጋቢናው ቦታ

«ሂስ ያለው?» አለ ሰብሳቢው ዓለምነህ፣ ሰዓቱን አየት አድርጎ።

ሰርክአዲስ በጠረጴዛው ስር የእየሩስን እግር ረገጥ አደረገቻት። አሁን ማለቷ ነው። ተነሽና ተናገሪ።

ተራው የጋሽ ቢያዝን ነው፣ የፍየል ክትባቱ ሠራተኛ። በወሩ ግምገማ ላይ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ ባልደረቦቹ ድክመቱን ፊት ለፊት ይነግሩታል፣ እሱም ይቀበላል፣ ዓለምነህ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ያልፋል። ጋሽ ቢያዝን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ምን ሊመጣባቸው እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቃል።

ነገሩ ትናንት ሻይ ቤት ነው የተመከረው። «አሁንስ በዛ!» አለ ባልደረባቸው ምሳው። «ነገ ለመስክ ሥራ እስከ ዝቋላ ወረዳ ከእሳቸው ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ? ወጠጤ አቅፎ መሄድ ይሻላል!» ተሳሳቁ። እየሩስም ሳቀች፤ እውነት ነዋ፣ ጋሽ ቢያዝን ይሸታሉ። ላቡ፣ የፍየሉ ጠረን፣ መድኃኒቱ፣ ሁሉም ኮታቸው ላይ ተደራርቦ ያድራል። ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ እንደልቡ የሚታጠብ የለም፤ የእሳቸው ግን ባሰ። ውሃ አጥተው ይሁን፣ ደክሟቸው ይሁን፣ የጠየቃቸው ሰው የለም።

«ታዲያ ለምን አትነግሯቸውም?» አለች እየሩስ።

«እኛ?» ሰርክአዲስ ደረቷን ያዘች። «የልጄ የክርስትና አባት እኮ ናቸው! ምሳውም ቢሆን በሚስቱ በኩል ይዛመዳቸዋል። አንቺ እንግዳ ነሽ። ለቅሶ ቤት አትገናኙ፣ ሠርግ ላይ አትገናኙ። ዝውውርሽ ሲመጣ ሹልክ ነው።»

ዝውውር። ቃሉን ሆን ብላ ነው የጣለችው። የእየሩስ ልጅ ደብረ ታቦር እናቷ ዘንድ ነው፤ በስልክ «እማዬ» ማለቱን ትቶ በስሟ መጥራት ጀምሯል። ዝውውሩ ደግሞ የሚያልፈው በዚሁ ግምገማ ነው። ከባልደረቦቿ ከተጣላች ነጥቧ ይወርዳል፣ በቃ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ቢያዝንን ለብቻቸው አግኝታቸው ነበር። ከግቢው በር እስከ ቢሮው አብረው ሄዱ።

«ጋሽ ቢያዝን» አለች።

«አቤት ልጄ» አሉ፣ ቆመው፣ ፊታቸውን ሙሉ ወደሷ አዙረው።

«አይ፣ እንዴት አደሩ ልልዎት ነው» ብላ አለፈች። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው በጆሮው ነው የሚነገረው፤ ይህን ታውቃለች።

እና አሁን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተነሳች።

«ጋሽ ቢያዝን ታታሪ ናቸው» ብላ ጀመረች። ሂስ የሚጀመረው በሙገሳ ነው። «ግን... የግል ንጽህናቸውን ቢጠብቁ ጥሩ ነው። መኪና ውስጥ ጠረኑ... እንቸገራለን።»

እንቸገራለን ያለችው ሌሎቹ እንዲያግዟት ነው።

ዓለምነህ ዙሪያውን ቃኘ። «ሌላ ይህን ያስተዋለ አለ?»

ምሳው ጥፍሩን ያያል። ሰርክአዲስ እጇን አወጣች። ተመስገን፣ አለች እየሩስ በሆዷ።

«እኔ በበኩሌ» አለች ሰርክአዲስ፣ «ከጋሽ ቢያዝን ጋር ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን ሸቶኝ አያውቅም። አባት የሚሆን ሰው ማዋረድ ባህላችን አይደለም።»

«ልክ ነው» አለ ምሳው፣ አሁንም ጥፍሩን እያየ።

እየሩስ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ትናንት ማን ነው የሳቀው ብላ ልትጮህ ነበር፤ ግን እሷም ስቃለች። አንድ ጊዜ አበርገሌ ላይ ወባ ሲጥላት መኪና ወደሚደርስበት መንገድ ድረስ አዝለው ያወጧት እኚሁ ሰው ናቸው። አገጯ ትከሻቸው ላይ፣ አፍንጫዋ አንገታቸው ስር ነበር። ያን ቀን ምንም አልሸተታትም።

ጋሽ ቢያዝን ተነሱ። ሁለት ክንዳቸውን ከጎናቸው ጋር ጥብቅ አድርገው ነው የቆሙት፣ ምንም እንዳይወጣ እንደሚያፍን ሰው።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አሉ። «አስተካክላለሁ።»

«ጥሩ። ቀጣይዋ እየሩስ ናት» አለ ዓለምነህ። «ጋሽ ቢያዝን፣ ቆመው ሳሉ እርስዎ ይጀምሩ። ሂስ ካለዎት።»

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ብድር የሚመለስበት ሰዓት ነዋ።

«የለኝም» አሉ። «ጎበዝ ልጅ ናት። ዝውውሯ ይፈቀድላትና ልጇ ዘንድ ትሂድ።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ስብሰባው ሲያበቃ ሾፌሩ የፒክአፑን ሞተር አስነስቶ ጠበቃቸው። ምሳው ከፊት ገባ፤ ሰርክአዲስ ከኋላ ወንበር አንዱን መስኮት ያዘች፤ እየሩስ መሃል። በሩን ግን አልዘጋችውም። የቀረው ቦታ የጋሽ ቢያዝን ነው።

«ይግቡ እንጂ ጋሽ ቢያዝን» አለች። «በሞቴ።»

«አይ ልጄ፣ የክትባቱን ሣጥን ልያዝ። መንገዱ ይጥለዋል።» ጎማውን ረግጠው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጡ፣ ሣጥኑን አቅፈው ተቀመጡ፣ ፎጣቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠመጠሙ።

«እፎይ!» አለች ሰርክአዲስ፣ በሹክሹክታ፣ የእየሩስን ጉልበት መታ መታ እያደረገች። «ጀግና ነሽ! በይ ጠጋ በይ፣ ሰፍቶልን የለ እንዴ።»

እየሩስ አልተጠጋችም። ከኋላ ጣሪያው ላይ ኳ ኳ ተደረገ፤ ተመችቶኛል፣ ንዳው ማለታቸው ነው። አስፋልቱ አልቆ አቧራው ሲነሳ ዞራ በኋላው መስታወት አየች። መጀመሪያ ሣጥኑ ጠፋ፤ ቀጥሎ ፎጣው።